ሳይስቁብኝ ንገሪኝ

በማሠልጠኛው የፀሐፊዋን ክፍል ከትልቁ የኮምፒውተር ክፍል የሚለየው ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። ስለዚህ እታለም ደብዳቤ ስትተይብም፣ ስልክ ስታነሳም፣ ማኅተም ስትመታም የወንድሟ ድምፅ ከጆሮዋ አይጠፋም። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወንዙን እንደማይሰማው ሁሉ እሷም አትሰማውም። የዚያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን ሰማችው። ወንድሟ ማክሰኞ ያስተማረውን ትምህርት እንደ አዲስ ጀምሮታል፤ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቀልድ፣ ከቀልዱ በፊት ጉሮሮውን በሚጠርግበት በዚያው አጠራረግ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ከግድግዳው ወዲያ ጎማ ጠጋኙ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ አፉ የማያርፈው፣ "መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ዞረ እንዴ?" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ የወንድሟም ሳቅ ተቀላቀለበት። "ዘንድሮ የማይዞር ነገር ምን አለ ልጄ" ሲል ሰማችው፤ እንደገና ተሳቀና ትምህርቱ ወደፊት ሄደ። እታለም ግን የጀመረችውን ደብዳቤ መጨረስ አቃታት። ይሄ ሳቅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለች። ቃል ገብታለታለችና።

ቃሉን የገባችው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ነው። ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ለጥፎ፣ በሽታው ቀስ እያለ የሚሄድ እንደሆነ፣ መመለስ ግን እንደማያውቅ ነገራቸው። ወንድሟ ሐኪሙን አመሰገነ፣ ጨበጠ፣ ደረጃውን ወረደ። መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እታለም።"

"ምን?"

"ሳይስቁብኝ ንገሪኝ። የሚበቃኝ ቀን ሲደርስ እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን 'ክፍል የለህም' በይኝ፤ በእግሬ እወጣለሁ።"

"እሺ፣ ወንድምዓለም።"

"እሺ አይበቃኝም። ማይልኝ።"

ማለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ለእሷ መስኮቱን ለቆላት ከዳር ተቀመጠ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አውቶቡሱ ፍሬን እያማረረ አወራት።

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ሳቅን ለምን እንደሚፈራ ሌላው አይገባው ይሆናል። እታለም ግን ይገባታል። ሁለቱን ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው፤ እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እሷ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። አክስታቸው ቀጥ ያሉ፣ ማንጠልጠያ እንደዋጡ የሚራመዱ፣ ልብሳቸው ላይ እጥፋት የማይታይባቸው ሴት ነበሩ። በስተርጅና እኒያ ሴት ራሳቸው መርሳት ጀምረው ተበታተኑ። አንድ ቀን ጠዋት በውስጥ ልብሳቸው ብቻ ሆነው፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ዋናውን መንገድ ይዘው ወረዱ። ባለሱቆቹ ወጥተው ሳቁ። ልጆች ተከተሏቸው። ወንድሟ ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ሮጦ ደርሶ ኮቱን አለበሳቸውና አቅፎ ቤት አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሱቆች ክብሪት እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

እታለም ስሟ አይደለም። ወንድሟ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲጠራት የኖረበት ነው፤ ማሠልጠኛው ከእሱ አፍ ወስዶ አጸደቀው። ዳይሬክተሩም እታለም ይላታል፣ ዘበኛውም እታለም ይላታል፣ በስልክ የሚደውሉ የማታውቃቸው ሰዎችም እታለም ይሏታል። እሱን ደግሞ ተማሪዎቹ ጋሽ ዙር ነው የሚሉት። መጀመሪያ በሌለበት ነበር፤ ሲሰማቸው ስላልተቆጣ ፊት ለፊት ሆነ።

ስሙ የወጣለት በአንድ ትምህርቱ ነው። ያቺ ትምህርት ደግሞ የተወለደችው እዚያ አክስታቸው ቤት፣ ገበታ ዙሪያ ነው። አክስታቸው ገበታ ላይ ማውራት አይወዱም። እሱ ዘዴ አበጀ። ፊደልን ቤት ቤት አድርጎ አሰባት፤ ለ የሚባል ቤት አለ፣ ሰባት ክፍሎች አሉት፣ ከለ እስከ ሎ። መ የሚባል ቤት አለ፣ እሱም ሰባት ክፍል አለው። እንግዲህ እያንዳንዱ ፊደል ከራሱ ቤት ሳይወጣ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፤ የመጨረሻው ክፍል ያለው ዞሮ መጀመሪያው ይገባል። በዚህ አካሄድ "ራበኝ" "ሬቡኞ" ይሆናል። "ነይ እንውጣ" ደግሞ "ኑዮ ኦኖዎጤ"። ታናሽ እህቱን ይህን ያስተማራት ፊደል ለይታ ሳትጨርስ ነው፤ እንዲያውም ፊደል የለየችው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። አክስታቸው "ደግሞ የወፍ ቋንቋቸውን ጀመሩ" ብለው ያጉረመርማሉ እንጂ ምን እንደሚባባሉ አያውቁም። ምንም አይባባሉም ነበር። ራበኝ፣ ጠገብኩ፣ እንውጣ፣ አይዞሽ። ብቻ አክስታቸው ባሉበት ቤት የራሳቸው ጓዳ ነበረቻቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ተማረ፤ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ሲመጣ ከቀደሙት አንዱ ሆነ። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ፈልገውት ነበር። እሱ ግን ይቺን ማሠልጠኛ መረጠ፤ ቀን ሥራ ያላቸው፣ ትምህርት ያመለጣቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሚመጡባትን። ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ እታለም የራሷን ኪራይ ቤት ለቅቃ አብራው መኖር ጀመረች። "እኔ ልጠብቅህ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ኪራይ ሰልችቶኝ ነው" አለችው። "እኔም እንዳይመስልሽ፤ ምጣዱን የሚያጥብ ሰው አጥቼ ነው" አላት። ሁለቱም ውሸታቸውን ነበር፤ ተግባብተው ኖሩ።

ያቺ የፊደል መዞር በእሱ ክፍል ትንሽ ፕሮግራም ሆነች። "ኮምፒውተሩ ስትሪንግ የሚለው ይሄ ነው" ይላል፣ ከኪሱ የዶቃ ክር እያወጣ። "ፊደሎች በክር ተሰክተው። እኛ እያንዳንዷን ዶቃ እናዞራለን።" ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ሎሚ ብለው ያስገባሉ። ሎሚ በትክክል ብትዞር ለማ ትሆናለች። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከሎ ቀጥሎ ስምንተኛ መቀመጫ አለ፣ ሏ የተቀመጠችበት። ዝም ብሎ "አንድ ጨምር" ያለ ተማሪ ሎን ወደ መጀመሪያው መመለስ ይረሳና ማሽኑ "ሏማ" ብሎ ይተፋለታል። በየዓመቱ አንድ ሰው እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱ ጋሽ ዙር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ሎሚ ዞራ ለማ የሚባል ጨዋ ሰው ልትሆን ነበር፤ እናንተ ሏማ የሚባል አውሬ ወለዳችሁ" ይላል። ረቡዕ ዕለት የደገመው ይህንን ነው።

ከዚህ ትምህርት በኋላ የግጥሚያው ቀን ይመጣል። በየአግዳሚው የተቀመጡት ተማሪዎች ተማክረው አንድ አረፍተ ነገር ይመርጣሉ፤ በስንት ክፍል እንደሚያዞሩት ለእሱ ሳይነግሩ፣ በፕሮግራማቸው አዙረው ስክሪኑ ላይ ያወጡታል። እሱ አንዴ ያየዋል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ያነበዋል። አንድ ጊዜ "ማሙሁሬ ሮባኑ" ብለው ቢሰጡት፣ "መምህሩ ራበን" ብሎ አንብቦ፣ በዚያው አፉ በሦስት አዙሮ፣ እኔም ርቦኛል ለማለት "ኡነሙ ሩቢኞሉ" ሲል መለሰላቸው። ሲያሸንፍ ኖሯል። የቀድሞ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት እንኳ ሰላምታ የሚሰጡት "ሳሎሙ፣ ጋሽ ዙር" እያሉ ነው።

ከረቡዑ በኋላ ነገሩ እየበዛ መጣ። አንድ ቀን ጠመኔውን በእጁ እንደያዘ ጠመኔ ፈለገ። ሌላ ቀን ነርሷን፣ በሥራ ልብሷ የምትመጣውን ተማሪውን፣ በሟች ሚስቱ ስም ጠራት። ነርሷ "አቤት" አለች። ሌላ ቀን ክፍሉን አልፎ ሄዶ የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር ሲታገል እታለም ደርሳ፣ ለእሷ ቀለም ሊያመጣላት እንደሆነ አድርጋ በሳቅ አለፈችው። በየቀኑ ማታ ነገ እነግረዋለሁ ትላለች። በየጠዋቱ ወንድሟ ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከሩቅ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በሩ ላይ ቆሞ "አልደረስሽም?" ሲላት ቦርሳዋን አንስታ ትከተለዋለች። ቤት ውስጥ የደበዘዘው ሰውዬ ሰሌዳው ፊት ሲቆም ይበራላታል። ያንን ብርሃን በራሷ እጅ ማጥፋት ሆነባት። ደግሞስ ማን ሳቀበት? ጎማ ጠጋኙ ቀለደ እንጂ አልሳቀበትም። እሱም አብሮ ስቋል። ሰው ራሱን ማሞኘት ከፈለገ ማስረጃ አይጠፋውም።

ዳይሬክተሩ ራሱ የጋሽ ዙር ተማሪ የነበረ ነው። ጠርቷት፣ በሩን ዘግቶ፣ እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ ይህ የሥልጠና ዙር እስኪያልቅ እንደሚታገስ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማይችል ነገራት። ግጥሚያው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

እታለም ስትፈራው የኖረችው ይህንኑ ቀን ነው። በአምስት ወይም በሦስት የዞረ አረፍተ ነገር ቢሰጡት ስክሪኑ ፊት ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ታያት። የሚቆየውን ያህል ሲቆይ፣ ከዚያም በላይ ሲቆይ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን ሲያፍን፣ ሌላው ሲከተለው። ልክ እንደ እነዚያ ባለሱቆች።

ስለዚህ ሌላ ሰው የማያስበውን ዘዴ አሰበች። ወንድሟ ሻይ ሊጠጣ በወጣበት ሰዓት ክፍሉ ገብታ፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። የመጣችበትን ለመናገር ብዙ ተንተባተበች። የወንድሜ ሕመም ከማናችሁም የተሰወረ አይደለም አለች። በግጥሚያው ቀን ሁላችሁም በአንድ ብቻ አዙሩለት፤ አንድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ናት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት እሷ አትጠፋበትም።

ነርሷ፣ "ቢነቃብንስ?" አለች።

"አይነቃም።"

"እኔ እንዲህ ያሉ ሰዎች አስታምማለሁ፣ እታለም። የሚረሱትን ታያለሽ፤ የማይረሱትን ግን አታውቂም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለች እታለም።

ጎማ ጠጋኙ ጥቁር ጣቶቹን እያሻሸ ተነሳ። ለወትሮው ቀልድ ሲጀምር የሚነሳው እንደዚያ ነው። "እኔ እንደሆንኩ ከአንድ በላይ መቁጠር መች ተማርኩ" አለ፤ ማንም አልሳቀም። "በአንድ ይሁን። ሁላችንም በአንድ።" ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። ነርሷም መጨረሻ ላይ ተስማማች።

በግጥሚያው ቀን እታለም ቢሮዋን ቆልፋ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ወንድሟ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። የመጀመሪያው አግዳሚ "ዞኔቦ ሙጤ" ብሎ አወጣ። አንዴ አየው፤ "ዝናብ መጣ። እውነት ነው፣ ጣራው ያፈሳል" አለ። ተሳቀ፤ የምትወደው ዓይነት ሳቅ። ጎማ ጠጋኙ "ገሜይ ፉኑዴ" አለው። "ጎማዬ ፈነዳ! ይሄ ደግሞ ገበያ ሊስብ ነው የመጣው።" እንደገና ተሳቀ፤ እታለም የበሩን መቃን የጨመቀችበት እጅዋ ላላ። ሦስተኛው "ዱሆኔ ኑወቶ" ነበር።

ሦስተኛውን አየው፤ ቶሎ አላነበበውም። ወደ መጀመሪያው ስክሪን ዞሮ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ጎማ ጠጋኙ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሰበረ። መጨረሻ ላይ ወንድሟ ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመችውን አያት።

"ደህና ነዎት" ብሎ አነበበ፣ ቀስ ብሎ። "ደህና ነኝ።"

የመጨረሻው የነርሷ አግዳሚ ነበር። "ኦኔሙሱጎኔሉኖ" ይላል። ይህንንም አነበበላቸው፤ እናመሰግናለን ማለት እንደሆነ። እኔም አመሰግናለሁ አላቸው። ሥራቸውን አንድ በአንድ አደነቀ፣ ፕሮግራሙን ማን እንዳሳጠረ፣ ማን እንዳረመ። ክፍሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ብዙ አጨበጨበ፤ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ እንደፈራ ሰው።

ወደ ቤት ሲሄዱ መሽቶ አልጨለመም። የእግረኛ መንገዱ በዝናብ ረጥቧል። እታለም ስለ ዳቦ አነሳች፣ ስለ ጎረቤታቸው ስለ ጡረተኛዋ አዋላጅ አነሳች። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ቆመ።

"ሁሉም አንድ ነበር" አላት።

"ምኑ?"

"አታድርጊው፣ እታለም። ሁሉም በአንድ ነው ያዞሩት። ይሄን ያህል ዘመን ሳስተምር አንድን የመረጠ ተማሪ አይቼ አላውቅም። አንድ የሚመረጠው ለሕፃን ነው። ላንቺ የመረጥኩልሽ እሷን ነበር።"

ብትዋሽም አያምናትም።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። እንዳይስቁብህ ብዬ ነው።"

"እንድትነግሪኝ ነበር የለመንኩሽ።"

"አቃተኝ፣ ወንድምዓለም።"

ሰዎች ግራና ቀኝ እያለፏቸው ይሄዳሉ። ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን በጣቶቹ ዙሪያውን ዳሰሰ። "አክስታችንን ያን ቀን ኮት ሳለብሳቸው" አለ፣ "ሳቁን የሰሙ አይመስለኝም። ወደ ባለሱቆቹ አንዴም አልዞሩም። ያዩት እኔን ነው። ሲያዩኝ ነው ያፈሩት።" ሳይቆጣት፣ እንደ ወትሮው ከመንገዱ ዳር እሱ ሆኖ፣ እሷን ወደ ውስጥ አድርጎ ቤት አደረሳት። ጃኬቱን ወንበር ላይ እያንጠለጠለ፣ ነገ እንደማይገባ፣ ለዳይሬክተሩም ራሱ እንደሚነግረው ነገራትና ራት ሳይበላ ተኛ። እታለም የቀረበውን ምግብ መልሳ ከደነችው።

ጠዋት ሻይ ስታፈላ ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ዞረች። ወንድሟ ተላጭቶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። ፊቱ በራ ብሏል።

"ትናንት አጨበጨቡልኝ፤ ነገርኩሽ?" አላት። "ቆመው። እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም።"

የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች። ከፊቱ ላይ የፋርማሲውን ደጅ ፈለገችው፤ የለም። ጭብጨባው ቀርቶለት ሌላው ጠፍቷል። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? አብረው ይሄዳሉ፣ እሱ ያስተምራል፣ ተማሪዎቹ ይቀበሉታል፤ ዙሩም ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ትናንት እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጣት ከፈጣሪ የመጣ ነው ትል ነበር።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"ወንድምዓለም፣ ተቀመጥ።"

"እናረፍዳለን እኮ።"

"ተቀመጥ። ዛሬ ክፍል የለህም።"

ተቀመጠ። ቃሉን አወቀው፤ ያንን አልረሳም። "ሳቁብኝ?" ብሎ ጠየቃት።

"አልሳቁም።"

"አንድም ሰው?"

"አንድም።"

"እንግዲያው በጊዜው ነው የነገርሽኝ" አለና እጅዋን በሁለት እጁ ያዘ። "ከባድ ነገር ነው የጫንኩብሽ። ሌላ ሰው ቢሆን አያደርገውም ነበር። ተባረኪ፣ እታለም።" ክራቫቱን ፈታ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ ሻዩን አንድ ላይ ጠጡ። እታለም ምርቃቱን ዝም ብላ ተቀበለች። የእሷ አልነበረም፤ የት እንደምትመልሰው ግን አላወቀችም።

ጉዳዩ በዚያ ያለቀ መስሏት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ፣ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። "ትናንት አጨበጨቡልኝ፤ ነገርኩሽ?" አላት።

ነገረችው። በማግስቱም ነገረችው። አንዳንድ ቀን ይቆጣል፣ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት አናግረዋለሁ ብሎ እስከ ደጅ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይቆያል። ዞሮ ዞሮ ግን ያንኑ ይጠይቃታል፣ ያንኑ ትመልስለታለች፤ እሱም ያንኑ ያመሰግናታል። አንድ ጊዜ ያመለጣት ቃል በየማለዳው እየመጣ በር ያንኳኳ ጀመር። ነርሷ ልትጠይቃቸው መጥታ ነገሩን ስትሰማ፣ ጃኬቱንና ክራቫቱን ደብቂው፣ ካላያቸው አያስታውስም፣ ለሁለታችሁም ይሻላል ብላ መከረቻት። እታለም እንቢ አለች። የማለችው ልትነግረው ነው እንጂ ልትደብቀው አይደለም። እንዲያውም ሸሚዙን ትተኩስለት ነበር፤ የሚነገረው ሰው እንደ መምህር ለብሶ ይሰማ ብላ።

ነግራው እስኪረጋጋ ስትጠብቅ ሥራ በየቀኑ አርፍዳ ትገባለች። ቀን ቀን ጡረተኛዋ አዋላጅ ትቀመጥለታለች። ከግድግዳው ወዲያ አሁን የሚያስተምረው ወጣት ነው፤ ጎበዝ ነው ይላሉ፣ ጉሮሮውን አይጠርግም። ዳይሬክተሩ የሰዓት መቆጣጠሪያውን አያነሳባትም። ጎማ ጠጋኙ ትምህርቱን ሲጨርስ የምስክር ወረቀቱን ሊወስድ መጥቶ፣ "ጋሽ ዙር እንዴት ናቸው?" አላት። ደህና ነው አለችው። የሆነ ነገር ሊቀልድ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ጠዋት ሻዩን አፍልታ ጠበቀችው። ቆይቶ መጣ። ፒጃማውን እንደለበሰ ነው፤ አልተላጨም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጁ ከበበውና መስኮቱን አየ። ስለ ጭብጨባው አላነሳም። እታለም ቆማ ጠበቀች። ሻዩን ፉት አለ፣ ትኩስ ነው አለ፣ እንደገና መስኮቱን አየ።

"ወንድምዓለም" አለችው፣ "ዛሬ ክፍል የለህም።"

ዞሮ አያት። በጨዋነት ነው ያያት፣ መንገድ የጠየቀውን ሰው እንደሚያይ።

"የምን ክፍል?" አላት።

ዳቦውን ቆርሳ ፊቱ አደረገችለት፣ ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፍዋ ጠረገች፣ አዋላጅዋን ጠርታ አስቀመጠች። ሻርፗን ለብሳ ወጣች። የዚያን ቀን ማሠልጠኛው ስትደርስ ዘበኛው ገና ዋናውን በር አልከፈተም ነበር። ከአጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀች።